ስሊፕ፣ ሃይበርኔት ወይስ ሸት ዳውን? መብራት ለሚጠፋበት ቤት የላፕቶፕ ምርጫ

ላፕቶፕ ከፋብሪካ የሚወጣው ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ እንዲገባ ተዘጋጅቶ ነው። ይህን የወሰኑት ሰዎች ሁለት ነገር ታሳቢ አድርገዋል፤ ባትሪው አዲስ ነው፣ ሶኬቱም መብራት አያጣም። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጅማ ተቀምጦ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ግን ሁለቱም ላይሟሉለት ይችላሉ። ባትሪው እጁ ሳይገባ በፊት ሌላ ባለቤት ሲያገለግል ኖሯል፤ መብራቱም መቼ እንደሚሄድ አስቀድሞ አይናገርም።

ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ «ለስንት ሰዓት ነው የምተወው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «እኔ በሌለሁበት ኤሌክትሪክ ከየት ያገኛል?» የሚለው ይቀድማል። የእኔን መልስ ከወዲሁ ልንገርዎት፤ በዊንዶውስ ለሚሠራና መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲሆን ማስተካከል ይሻላል። ስሊፕ ለአጭር እረፍት ይቀመጥ። ሸት ዳውን ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ጥቅም፣ ብዙ ሰው ከሚያስበው የበለጠ ጣጣ አለው።

ሦስቱ በውስጥ ምን ያደርጋሉ?

የከፈቷቸው ፋይሎችና ፕሮግራሞች በሥራ ላይ እያሉ የሚቀመጡት ራም ላይ ነው። ራም ኤሌክትሪክ ካጣ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ስሊፕ ማለት ስክሪኑን፣ ፕሮሰሰሩንና ዲስኩን አጥፍቶ ራሙን ብቻ በጥቂት ኤሌክትሪክ ማቆየት ነው። ማታ እሳት አዳፍኖ እንደማደር ያለ ነው፤ ጠዋት ቶሎ ይያያዛል፣ ግን ፍሙ ሌሊቱን ሙሉ ሲበላ ያድራል።

ምን ያህል ይበላል? አንድ ላፕቶፕ በስሊፕ ግማሽ ዋት ይወስዳል ብለን እናስላ። በ8 ሰዓት 4 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባትሪው 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ከመቶ 8 እጁ ሄደ፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። ያው ባትሪ አርጅቶ 20 ዋት ሰዓት ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን አንድ እጅ ከአምስት ሳይነካ ጠፋ ማለት ነው። ማታ ሲከድኑት 25 በመቶ የነበረ ከሆነ ጠዋት የሚጠብቅዎት ጥቁር ስክሪን ሊሆን ይችላል።

ሃይበርኔት ራም ላይ ያለውን በሙሉ ዲስክ ላይ ወዳለ የተደበቀ ፋይል ገልብጦ ኮምፒውተሩን ጨርሶ ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ምንም ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ቻርጀሩን ይንቀሉት፣ ባትሪውን ያውጡት፣ ሳምንት ይተዉት፤ ሲከፍቱት ያቋረጡት ዓረፍተ ነገር ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ያገኙታል። ዋጋው የጥቂት ሰከንዶች መጠበቅ ነው፤ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ባለው ማሽን ብዙም አይሰማም፣ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሸት ዳውን ሁሉንም ዘግቶ ያጠፋል ብለው ያምናሉ? እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ይህ እውነት መሆኑ ቀርቷል። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ባሕርይ ከተከፈተ፣ ብዙ ጊዜም ተከፍቶ ነው የሚመጣው፣ ሸት ዳውን ሲሉት የእርስዎን ፕሮግራሞች ይዘጋና የዊንዶውስን እምብርት ግን ሃይበርኔት ያደርገዋል። ስለዚህ «አጥፍቼ አበራሁት፣ ችግሩ ግን አልለቀቀም» ለሚል ሰው መልሱ «ሪስታርት ያድርጉት» ነው። ሪስታርት ሁሉንም ከሥሩ ይጀምራል። ታስክ ማናጀር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ገጽ ከፍተው ኮምፒውተሩ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ቢያዩ፣ በየቀኑ የሚያጠፉት ማሽን ሳምንታት እንዳስቆጠረ ሊነግርዎት ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ከልብ ማጥፋት ከፈለጉ «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ ሸት ዳውን ይበሉት።

እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ተራው ሸት ዳውን ግማሽ ሃይበርኔት ነው፣ ሥራዎን ግን አያስቀምጥልዎትም። ሁሉን የሚያስቀምጠው ሙሉው ሃይበርኔት እያለ ማታ ማታ ሸት ዳውን የሚሉ ሰዎች ጠዋት ፋይል ሲፈልጉና ፕሮግራም ሲከፍቱ የሚያጠፉት ጊዜ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ባትሪዎን ይወቁ

ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ይፈትሹ። በዊንዶውስ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚባለውን ጥቁር መስኮት ይክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወር» ብለው ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ሳይነጥሉ ያስከትሉ። ከዚያ ክፍተት ትተው ወደ ቀኝ ያዘነበለውን መስመርና «ባተሪሪፖርት» የሚለውን በአንድ ቃል ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ኮምፒውተሩ ሪፖርት አዘጋጅቶ የት እንዳስቀመጠው ይነግርዎታል፤ በብራውዘር ይከፈታል። ውስጡ ሁለት ቁጥሮች አሉ። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው ሲሠራ የሚይዘው ነው። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የሚይዘው ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ የባትሪዎን ጤና አገኙ። ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ ከሆነ ይህን እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድርጉት። ሻጩ «ባትሪው አሪፍ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይይዛል» ሲል ቁጥሩ ይመስክር።

ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ቀጥሎ ከምነግርዎት ማንኛውንም ቢመርጡ አይጎዱም። ከ50 እስከ 80 ባለው ውስጥ ከሆነ ስሊፕን ለምሳ ሰዓት ያህል ብቻ ይመኑት። ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ወይም ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ ስሊፕ ለእርስዎ አልተሠራም።

ይህ የመጨረሻው ዓይነት በየቢሮውና በየኢንተርኔት ቤቱ የሞላ ነው፤ ባትሪው ሞቶ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ የተሰካ ላፕቶፕ። ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ክዳኑን ይዘጋል፣ ማሽኑ ስሊፕ ይገባል፣ መብራት ይሄዳል፣ ራሙ ይረሳል፣ ያልተቀመጠው ደብዳቤ አለቀለት። ሃይበርኔት ቢሆን ኖሮ መብራት ቢሄድ ባይሄድ ደንታ የለውም ነበር። ሌላም ጥቅም አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት ጊዜ አለ፤ ለቻርጀርም ለማዘርቦርድም ክፉ ሰዓት ነው። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ የእኛ መብራት 220 ስለሆነ መደበኛውን ጭማሪና ቅናሽ ይችለዋል፣ ድንገተኛውን ግርፊያ ግን ላይችለው ይችላል። ሃይበርኔት የገባን ላፕቶፕ ከሶኬት ነቅሎ መሄድ ይቻላል። ባትሪው የሞተ ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ ግን ሲነቀል ሥራውን ይዞ ይሞታል፣ ስለዚህ እንደተሰካ ለመተው ይገደዳሉ።

አንድ ጥንቃቄ። ሃይበርኔት የሚያድነው ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። የላፕቶፑ የማብሪያ ምልክት የሆነችው ትንሿ መብራት እስክትጠፋ ድረስ ቻርጀሩን አይንቀሉ፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ ድምፁ ጸጥ እስኪል አያንቀሳቅሱት።

አዲስ ላፕቶፕ የገዙ ሰዎች ለምን ያማርራሉ?

ላፕቶፑ አዲስ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ቢሮ ሲደርሱ ግን ትኩስ ድንች ሆኖ ባትሪው ተራቁቶ ይወጣል። ይህ የብዙ አዳዲስ ማሽኖች ባለቤቶች ቅሬታ ነው፣ ጥፋቱም የባትሪው አይደለም።

የድሮው ስሊፕ፣ ባለሙያዎች ኤስ 3 የሚሉት፣ ከላይ እንደገለጽኩት ራሙን ብቻ ያቆያል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሌላ ዓይነት አመጣ፤ በዊንዶውስ 10 ጊዜ «ሞደርን ስታንድባይ» የሚል ስም ተሰጠው። ሐሳቡ ላፕቶፕ እንደ ስልክ ይሁን ነው፤ ስክሪኑ ይጥፋ፣ ውስጡ ግን በትንሹ ነቅቶ ኢሜይል ይቀበል፣ ማሻሻያ ያውርድ፣ ሲከፈትም በቅጽበት ይነሣ። ስልክ ከመሠረቱ ለዚህ የተሠራ ነው። ላፕቶፕ ላይ ግን አንድ አስቸጋሪ ፕሮግራም ወይም አንድ ያልሠለጠነ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ማሽኑን ቦርሳ ውስጥ ሲያባንነው ያድራል። አየር በሌለበት ቦርሳ ውስጥ የሚነቃ ፕሮሰሰር የት እንደሚደርስ መገመት አያቅትም። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ዋይፋይ ካገኘ በጥቅል የተገዛ ዳታ ሊበላ ይችላል። ስልክዎን ሆትስፖት አድርገው የሚጠቀሙ ከሆነ በዊንዶውስ የዋይፋይ ቅንብር ውስጥ ያንን ግንኙነት «ሚተርድ» ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ ትልልቆቹ ማሻሻያዎች ያን ጊዜ ይታቀባሉ።

የእርስዎ ማሽን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከላይ የጻፉትን ትእዛዝ ይድገሙና በ«ባተሪሪፖርት» ፋንታ ኤ የምትለውን ፊደል ብቻ ያስገቡ። ዝርዝሩ «ስታንድባይ ኤስ 3» ካለ የድሮው ነው፤ «ኤስ 0» ካለ አዲሱ ነው። በአንዳንድ የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ሁለቱን የሚያማርጥ ቅንብር አለ፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ግን የድሮው ጨርሶ ተነሥቷል፣ መመለሻም የለውም። ስለዚህ ኤስ 0 ላለው ሰው ምክሬ አጭር ነው። ጠረጴዛ ላይ ስሊፕ፣ ቦርሳ ውስጥ ሃይበርኔት። ለዚህ ለብቻው ሌላ አማራጭ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ስሊፕ የሚያሸንፍባቸው ቦታዎች

ሃይበርኔትን ይህን ያህል ማወደሴ ስሊፕን ለመናቅ አይደለም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሄደ በቀን አምስት ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ መምህር፣ በስብሰባ መካከል ለአሥር ደቂቃ የሚነሣ ሰው፣ ባትሪው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ስሊፕ ይበቃዋል። 32 ጊጋ ባይት ራም እና ቀርፋፋ ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይም ሃይበርኔት ያሰለቻል።

ማክቡክ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ክርክር በሙሉ ዘሎ ማለፍ ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በላፕቶፖቹ ላይ ሁለቱን አዋሕዷል፤ ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ ይገባል፣ ጎን ለጎንም የራሙን ቅጂ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ባትሪው ቢያልቅ ከዲስኩ ይነሣል። የማክ ተጠቃሚ ክዳኑን ዘግቶ ይሂድ፣ አለቀ።

በዊንዶውስም ለዚህ የሚቀርብ መካከለኛ መንገድ አለ፤ ጤነኛ ባትሪ ላላቸው ሰዎች የምመርጠውም እሱን ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ ይግባ፣ ሠላሳ ደቂቃ ካለፈ በራሱ ወደ ሃይበርኔት ይሻገር። ቶሎ ከተመለሱ በቅጽበት ይነሣል፤ ከዘገዩ ሥራዎ ዲስክ ላይ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ባለው በ«ፓወር ኦፕሽንስ» የላቀ ቅንብር ውስጥ፣ በስሊፕ ሥር፣ «ሃይበርኔት አፍተር» የሚል መስመር አለ። ፋብሪካው የሚተወው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሰዓታትን ይጠብቃል፤ በባትሪ ሲሆን ወደ 30 ደቂቃ ያውርዱት። እዚያው አጠገብ ያለውን «ዌክ ታይመርስ» የሚለውንም በባትሪ ሲሆን ይዝጉት፤ አለበለዚያ አንድ ፕሮግራም ሌሊት ተነሥቶ ማሻሻያ ልፈልግ ሊል ይችላል።

ስለ ሌባም አንድ ቃል። ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ የይለፍ ቃሉን ቢጠይቅም የምስጠራ ቁልፎቹ ራሙ ላይ ናቸው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የራም ይዘት ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላም ለአጭር ጊዜ እንደሚቆይ፣ ቀዝቅዞም ሊነበብ እንደሚችል አሳይተዋል። ተራ ሌባ ይህን አያደርግም፤ የደንበኛ ሰነድ ይዞ የሚዞር ጠበቃ ወይም ጋዜጠኛ ግን ዲስኩን ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መመስጠሪያ መስጥሮ ሃይበርኔት ማድረጉ ይበጀዋል። ያልተመሰጠረ ዲስክ ላይ ግን ሃይበርኔትም አያድንም፤ ሁሉም ነገር እዚያው በግልጽ ተጽፏል።

ሃይበርኔትን ከተደበቀበት ማውጣት

ዊንዶውስ 11 ላይ የማጥፊያ ዝርዝሩን ሲከፍቱ ስሊፕ፣ ሸት ዳውንና ሪስታርት ብቻ ሊያዩ ይችላሉ። ሃይበርኔት ተደብቆ ነው የሚመጣው። ለምን እንደደበቁት ምክንያታቸውን አላደንቅም፤ ማውጣቱ ግን ቀላል ነው። ኮንትሮል ፓነልን ይክፈቱ፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ይግቡ፣ በግራ በኩል የማጥፊያ ቁልፎች ምን ያድርጉ የሚለውን ይጫኑ። ከላይ በኩል አሁን የማይነኩትን ቅንብሮች ለመለወጥ የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ አለ፤ እሱን ሲጫኑ ከታች ያሉት ሳጥኖች ይከፈታሉ። ሃይበርኔት የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። እዚያው ገጽ ላይ ክዳን ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለው በባትሪና በቻርጀር ለየብቻ ተቀምጧል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ሁለቱንም ሃይበርኔት፤ ጤነኛ ከሆነ ቢያንስ የባትሪውን፣ ወይም ከላይ ያልኩትን መካከለኛ መንገድ ይከተሉ።

ሳጥኑ ጨርሶ ካልታየ ባሕርይው ተዘግቷል ማለት ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው ያንኑ ትእዛዝ፣ ከዚያ ያዘነበለውን መስመርና ኤች ፊደልን፣ ከክፍተት በኋላም ኦን የሚለውን ቃል ይጻፉ።

«ሃይበርኔት ቦታ ይበላል፣ ኤስኤስዲም ይጨርሳል» የሚል ምክር ከጥገና ቤቶች ይሰማል። ቦታ መብላቱ እውነት ነው፤ ፋይሉ በተለመደው ቅንብር የራሙን 40 በመቶ ያህል ይይዛል። 8 ጊጋ ራም ላለው 3.2 ጊጋ ባይት ነው፤ 128 ጊጋ ባለው ዲስክ ላይ እንኳ የሚያስከፋ አይደለም። የኤስኤስዲው ስጋት ግን በሒሳብ ሲታይ ይተናል። የ250 ጊጋ ባይት የታወቁ ኤስኤስዲዎች ዋስትና 150 ቴራ ባይት የሚደርስ ጽሕፈት ይሸፍናል። በቀን ሁለት ጊዜ ሃይበርኔት ቢያደርጉና እያንዳንዱ 6 ጊጋ ቢጽፍ በዓመት 4.4 ቴራ ባይት ገደማ ነው። ዋስትናው ላይ ለመድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይፈጅብዎታል፤ ላፕቶፑ እስከዚያ አይቆይም።

የሚዋሸው የባትሪ መቶኛ

ያረጀ ባትሪ 30 በመቶ እያለ ድንገት ይጠፋል። ዊንዶውስ ባትሪው ሊያልቅ ሲል በራሱ ሃይበርኔት የሚያደርግበት ደረጃ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ያረጀው ባትሪ 5 ላይ ሳይደርስ ስለሚሞት ይህ ጥበቃ ትርጉም ያጣል። በላቀው ቅንብር ውስጥ፣ በባትሪ ሥር፣ «ክሪቲካል» የሚለውን ደረጃ ወደ 15 ወይም 20 ያንሡት፤ ማሽንዎ የሚሞተው 30 ላይ ከሆነ ወደ 35 ያንሡት። እርምጃውም ሃይበርኔት መሆኑን ያረጋግጡ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንድ ብቻ ለማድረግ ጊዜ ካለዎት ይህን ያድርጉ። መብራት ሄዶ እርስዎ ሥራ ላይ ተመስጠው ሳለ የሚያድንዎት እሱ ነው።

መብራት በሌለበት ሰዓት ባትሪውን ማራዘም ከፈለጉ ደግሞ መጀመሪያ የስክሪኑን ብርሃን ያውርዱ፤ ከሌሎቹ ቅንብሮች ሁሉ የሚበልጥ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ከዚያ የኃይል ሁነታውን ቆጣቢ ወደሚለው ያዙሩ። ለጽሑፍና ለኢሜይል ልዩነቱ አይታወቅም። «ምርጥ ብቃት» የሚለው ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ቻርጀር ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። የላቀው ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን የሚወስን መስመር ካገኙ ከ100 ወደ 99 ቢያወርዱት ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ መፈትለኩን ይተዋል፤ ሙቀቱም ጫጫታውም ይቀንሳል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ይህ መስመር ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሌሊት የሚያወርዱ ሰዎች

የሌሊት ጥቅል ገዝተው ትልቅ ፋይል ለሚያወርዱ ሰዎች ከሦስቱ አንዱም አይሆንም። ስሊፕም ሃይበርኔትም ማውረዱን ያቆመዋል። የሚያስፈልገው ስክሪኑ ብቻ እንዲጠፋና ማሽኑ እንዲነቃ ነው፤ ቻርጀር ላይ ሲሆን ስክሪኑ በ5 ደቂቃ ይጥፋ፣ ስሊፕ «ኔቨር» ይሁን። ቅንብሩን በየጊዜው መለዋወጥ የሚሰለቸው ሰው የማይክሮሶፍትን ነጻ ፕሮግራም ፓወርቶይስን ጭኖ «አዌክ» የሚለውን ክፍል ይጠቀም፤ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ እንዲነቃ ያደርገዋል። ላፕቶፑን አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አያስቀምጡት፤ ክዳኑንም አይዝጉት፤ ሲዘጋ ስሊፕ ወይም ሃይበርኔት ገብቶ ማውረዱ ይቆማል። በባትሪ ሲሆን ግን ወደ ሃይበርኔት መሻገሩን አይሰርዙት፤ ሌሊት መብራት ቢሄድ ማውረዱ ይቋረጥ እንጂ ማሽኑ አይሙት።

እስከ 80 ወይስ እስከ 100?

ሊቲየም አዮን ባትሪ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መቆየት። አምራቾች ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም የሚያደርግ ቅንብር የሚሰጡትም ለዚህ ነው። ሌኖቮ በቫንቴጅ ፕሮግራሙ ውስጥ፣ አሱስ በራሱ ፕሮግራም፣ ዴልና ኤችፒ በባዮስ ውስጥም አስቀምጠውታል።

ጄኔሬተር ባለው ቢሮ ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ለሚውል ላፕቶፕ 80ን ይምረጡ፤ ባትሪው ዓመታት ይቆይልዎታል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቤት ግን ያቺ ቀሪ 20 በመቶ የሪፖርቱ ማለቅና አለማለቅ ልትሆን ትችላለች። እዚህ ላይ ከአምራቾቹ ምክር እለያለሁ፤ ባትሪ የተገዛው መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል ነው፣ ስለዚህ 100 ያድርጉት። ይልቅ ከሙቀት ይጠብቁት። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለ ሰው፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ መኪና ውስጥ ላፕቶፕ የሚተው ሰውም፣ ከመቶኛው ይልቅ ይህ ይጨነቀው። ሻጮች እስከ ዛሬ የሚሉት «መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ አድርገው» የድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ምክር ነው፤ ለሊቲየም አይሠራም።

ሊኑክስ ላይ

ኡቡንቱ ሃይበርኔትን ዘግቶ ነው የሚመጣው። ለመክፈት በቂ የስዋፕ ቦታ (ራሙ የሚገለበጥበት የዲስክ ቦታ) ያስፈልጋል፣ ሴኪዩር ቡት የሚባለው የማስነሻ ጥበቃ ከተከፈተ ደግሞ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሊከለክለው ይችላል። ለጀማሪ አልመክረውም፤ ስሊፕን ተጠቅሞ ሥራን ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ይበቃል። ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫነ ሰው ግን የዊንዶውሱን ፋስት ስታርትአፕ መዝጋት አለበት። ዊንዶውስ በግማሽ ሃይበርኔት ላይ ሳለ የዊንዶውሱን የዲስክ ክፍል በሊኑክስ ከፍቶ መጻፍ ፋይል ያበላሻል፤ በዚህ ምክንያት ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል።

በአውሮፕላን ሲጓዝ

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለወንድም ለእህት ላፕቶፕ ይዘው ለሚገቡ ሰዎች ምርጫው ይገለበጣል። ላፕቶፕ በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ይሻላል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ግን የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያ ስሊፕንም ሃይበርኔትንም አይቀበልም፤ ጨርሶ የጠፋ መሆን አለበት ይላል። ሺፍት ተጭኖ ሸት ዳውን ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከተለየ ፈቃድ ውጪ ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ የአብዛኞቹ ላፕቶፖች ባትሪ ከዚያ በታች ነው፣ ቁጥሩም ከሥሩ ወይም ከባትሪው ጀርባ ላይ ተጽፏል። ስጦታው ተቀባዩ እጅ እስኪገባ ወራት የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተው ያጥፉት፤ ሙሉም ባዶም ሆኖ መቀመጥ ይጎዳዋል።